ወደ ዊንዶውስ 11 ልሂድ ወይስ ባለሁበት ልቆይ? ከመወሰናችሁ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች፣ ደረጃ በደረጃ

«ኮምፒውተሬ አፕግሬድ አድርግ እያለኝ ነው፤ ልጫነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ የሚበዛው ግን ከጫነው በኋላ የሚደውልልኝ ነው። ፕሪንተሩ አልሠራ ብሎታል፤ የሒሳብ ሶፍትዌሩ አልከፈት ብሏል፤ ወይም 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አስገባ የሚል ሰማያዊ ገጽ ወጥቶበት ቁልፉን ከየት እንደሚያመጣው ጠፍቶታል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ስለሚሠራ ነው። መጀመሪያ ይጭናል፣ ቀጥሎ ያጣራል፣ ባክአፕ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ታጣራላችሁ፣ ከዚያ ትወስናላችሁ፣ ከዚያ የመመለሻ መንገዳችሁን ታዘጋጃላችሁ። መጫኑ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ወደ ኋላ የምትመለሱበትን መንገድ ሳታውቁ አፕግሬዱን አትንኩት።

መመሪያው የተጻፈው ዊንዶውስ 10 ላይ ላሉ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ልታውቁት የሚገባ ቀን

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተራችሁ ከዚያ በኋላም ይከፈታል፣ ይሠራል። የቀረው የደህንነት አፕዴቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚገኙ ቀዳዳዎች በነባሪው መንገድ አይደፈኑላችሁም። ስለዚህ «ምንም አላደርግም» ማለትም ውሳኔ ነው፤ የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ ማስተካከያው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው።

ይህን የምለው ላስቸኩላችሁ አይደለም። የሚያዋጣው መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑን ደረጃ 4 ላይ ታያላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- ወረቀትና እስክሪብቶ። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ማስታወሻ አይነበብም።
- ፋይላችሁን ሁሉ የሚይዝ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ።
- ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ።
- የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ኢሜይልና ፓስወርድ፣ ሞክራችሁ ያረጋገጣችሁት።
- ሥራ የማይጠብቃችሁ አንድ ሙሉ ቀን፣ ለማጣራቱ ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት።

ደረጃ 1፦ አሁን ያላችሁበትን ጻፉ

1. ሴቲንግስ ክፈቱ። ሲስተም፣ ከዚያ ታች ወርዳችሁ አባውት የሚለውን ተጫኑ።
2. የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠን፣ ሲስተም ታይፕ በሚለው ፊት ያለውን፣ የዊንዶውሱን ዓይነት (ሆም ነው ፕሮ) እና ቨርዥኑን ወረቀቱ ላይ ገልብጡ።
3. ቨርዥኑ 22ኤች2 ካልሆነ መጀመሪያ በዊንዶውስ አፕዴት ወደዚያ አድርሱት። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ቨርዥን እሱ ነው።
4. ሲ ድራይቭ ላይ ስንት ጊጋባይት ባዶ ቦታ እንዳለ እዩና ጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲስተም ታይፕ ላይ 32 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚል ካለ፣ ፋይሎቻችሁ ባሉበት አፕግሬድ ማድረግ አትችሉም። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት የለውም። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ከሆነ ያለው አማራጭ ፎርማት አድርጎ ከአዲስ መጫን ነው።

የሃርድ ዲስኩን ጤንነትም አሁን አጣሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ሲከፈት «ጉድ» ካለ ቀጥሉ። «ካውሽን» ወይም «ባድ» ካለ ግን አፕግሬዱን እርሱት፤ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። አፕግሬድ ዲስኩን ለረጅም ሰዓት ያለ እረፍት ያሠራዋል፤ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ በዚያ መሐል ሊሰናበት ይችላል።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩ ይችላል ወይ?

ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት መተግበሪያ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዱ። ከሌላ ቦታ አታውርዱ። ክፈቱትና ቼክ ናው የሚለውን ተጫኑ። ውጤቱን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ዝርዝሩን ክፈቱና የትኛው መስፈርት ላይ እንደወደቀ ጻፉ። አንዳንዱ ውድቀት በ5 ደቂቃ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይስተካከልም።

መስፈርቶቹ እነዚህ ናቸው፦ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቢያንስ ሁለት ኮር ያለውና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ቲፒኤም 2.0፣ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ አሠራር) የሚነሳና ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ነገር እንዳይነሳ የሚያግድ ጥበቃ) የሚችል ማዘርቦርድ፣ ዳይሬክትኤክስ 12 የሚደግፍ ግራፊክስ።

ፕሮሰሰሩ ከሆነ የወደቀው

በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ የሚጀምረው በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ነው። በኤኤምዲ ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ነው። የኢንቴልን ትውልድ ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፦ ኮር አይ5 8250 ሲል 8ኛ ነው፤ ኮር አይ5 6200 ሲል 6ኛ ነው። ፕሮሰሰሩ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር የለም። በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

ቲፒኤም ከሆነ የወደቀው

ቲፒኤም የሚስጥር ቁልፎችን የሚጠብቅ ክፍል ነው። የ8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ኮምፒውተር ላይ «የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ አለ፤ ጠፍቶ ነው እንጂ።

1. ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ክፈቱ፣ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ግቡ። ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር የሚል ካለ ዝርዝሩን ክፈቱና ስፔሲፊኬሽን ቨርዥን 2.0 መሆኑን እዩ።
2. ከሌለ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። የመግቢያው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ኤፍ2፣ ዲሊት ወይም ኤፍ10 የተለመዱ ናቸው።
3. ሴኪዩሪቲ ወይም አድቫንስድ በሚለው ስር ፈልጉ። ኢንቴል ላይ ስሙ ፒቲቲ ነው፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም። አብሩትና ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስካችሁ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ደረጃ 5 ላይ ያለውን የቁልፍ ሥራ ጨርሱ። ባዮሱ ሲቀየር ቢትሎከር ሌባ የነካው ይመስለዋል፤ ያንን 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ከሌላችሁ ፋይላችሁ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። የሚከፍትላችሁ ባለሙያም አታገኙም።

ሴኪዩር ቡት ከሆነ የወደቀው

መፈለጊያው ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ክፈቱ። ባዮስ ሞድ የሚለው ፊት ዩኢኤፍአይ ካለ፣ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሴኪዩር ቡትን ማብራት ይበቃል። ሌጋሲ ካለ ግን ቆም በሉ። ባዮሱን ዝም ብላችሁ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ብትቀይሩት ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አሠራር ነውና የተከፋፈለው። መጀመሪያ ዲስኩ ወደ ጂፒቲ መቀየር አለበት። ለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፋይል ሳያጠፋ ይቀይራል። የሚሠራው ግን በትእዛዝ መስኮት ስለሆነ፣ ለትእዛዝ መስኮት አዲስ ከሆናችሁ የሚያውቅ ሰው ይሥራላችሁ። ከዚያ በፊት ባክአፕ ግድ ነው።

ሳታውቁ ቀይራችሁት ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ አትደንግጡ። ባዮስ ውስጥ ተመልሳችሁ ግቡ፣ ወደ ሌጋሲ መልሱት። እንደነበረው ይነሳል።

ስለ ራምና ዲስክ የራሴ ምክር

4 ጊጋባይት ራም መስፈርቱን ያሟላል እንጂ ሰው አያሠራም። ብራውዘር ከፍታችሁ አንድ ሰነድ ስትጨምሩበት መንቀርፈፍ ይጀምራል። ከ8 ጊጋባይት በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ ራም ጨምሩ። ዲስካችሁ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አፕግሬዱን ለጊዜው ተዉትና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) አስገቡ። ኮምፒውተሩ ዘገየብኝ ብለው ዊንዶውስ የሚቀይሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ለውጥ የሚገኘው ከኤስኤስዲው ነው።

ደረጃ 3፦ የምትሠሩባቸው ሶፍትዌሮችና ዕቃዎች

ሰው በጣም የሚዘልለው ይህንን ነው። እኔም ዘልዬዋለሁ። አንድ ጊዜ ሥራ ማስረከቢያዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ አፕግሬድ አደረግሁ። ኮምፒውተሩ መስፈርቱን ሁሉ አሟልቶ ስለነበር ሌላ ነገር አላየሁም። ጠዋት ላይ ስካነሬ ጭራሽ አልታይ አለ። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ማውጣት ካቆመ ቆይቷል። ሁለቱን ቀን ሰነድ በስልክ ካሜራ እያነሳሁ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ደረጃ ሳልጨርስ የማንንም ኮምፒውተር አልነካም።

1. ለአንድ ሳምንት የምትከፍቱትን ሶፍትዌር ሁሉ ወረቀት ላይ መዝግቡ። በወር አንዴ የምትከፍቱትንም አትርሱ፤ የግብር፣ የደሞዝና የቆጠራ ሶፍትዌር የሚረሳው በዚህ ነው።
2. ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ዕቃ ሁሉ ከነሞዴሉ ይጻፍ፦ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ባርኮድ ማንበቢያ፣ የድምፅ ካርድ፣ የጣት አሻራ መሣሪያ።
3. እያንዳንዱን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ዊንዶውስ 11ን ይደግፋል የሚል በግልጽ የተጻፈ ነገር ስታገኙ ብቻ ምልክት አድርጉበት። «ይሠራል መሰለኝ» ምልክት አያሰጥም።
4. ምልክት ያላገኙትን በሁለት ክፈሉ። ያለ እሱ አንድ ቀን የማልውል፣ ያለ እሱም የምችል።

ለእነዚህ የተለየ ትኩረት ስጡ፦

በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ የሚከፈት የቢሮ ሲስተም። ዊንዶውስ 11 ውስጥ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የለም። በምትኩ ኤጅ የሚባለው ብራውዘር ውስጥ አይኢ ሞድ አለ፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 እደግፈዋለሁ ብሏል። አሁን ባለው ኮምፒውተራችሁ ላይ ኤጅን ከፍታችሁ በዚያ ሞድ ሞክሩት። እዚህ ከሠራ እዚያም የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በጣም ያረጁ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች። 64 ቢት ላይ አይሠሩም። ሠሪው አዲስ ቅጂ ከሌለው አሮጌው ኮምፒውተር ለእነሱ ብቻ ይቀመጥ፤ ኢንተርኔትም አይነካው።

የግዕዝ ፊደል መጻፊያችሁና ቅርጸ ፊደሎቻችሁ። አሮጌ መጻፊያ የምትጠቀሙ ከሆነ የመጫኛ ፋይሉንና ፎንቶቹን ለብቻ አስቀምጡ። ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ ከጠፋ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆነው ነው የሚቀሩት።

በቁልፍ የሚከፈቱ የተገዙ ሶፍትዌሮች። የላይሰንስ ቁልፉን ፈልጋችሁ ጻፉ። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚፈቅዱትን ደግሞ እንዴት ዲአክቲቬት እንደሚደረጉ ከሠሪው ጠይቁ።

ኦፊስ 2016 ወይም 2019 ያላችሁ፣ የእነሱም ድጋፍ ያበቃው ከዊንዶውስ 10 ጋር በአንድ ቀን ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ስለገቡ የደህንነት አፕዴት አያገኙም።

ደረጃ 4፦ ውሳኔው

አሁን ወረቀቱ ፊታችሁ አለ። ከአራቱ አንዱ ላይ ትወድቃላችሁ።

ሀ. ተሻገሩ

ኮምፒውተሩ አልፏል፣ ያለ እነሱ አልውልም ያላችኋቸው ሁሉ ምልክት አግኝተዋል፣ ራሙ 8 እና ከዚያ በላይ ነው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው። የሚያቆያችሁ ምክንያት የለም። አፕግሬዱ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው በነጻ ነው። ሆም ወደ ሆም፣ ፕሮ ወደ ፕሮ ይሄዳል። ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

ለ. ጥቂት ቆዩ

ኮምፒውተሩ ይችላል፤ ግን አንድ ወሳኝ ሶፍትዌር አልተረጋገጠም፣ ወይም ከባድ ሥራ መሐል ላይ ናችሁ። ቆዩ። ግን ተሸፍናችሁ ቆዩ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10 የደህንነት አፕዴትን እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚያራዝም ፕሮግራም አውጥቷል። መመዝገቢያው ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። 22ኤች2 እና የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል። ሴቲንጋችሁን በዊንዶውስ ባክአፕ ወደ አካውንታችሁ ካስቀመጣችሁ ክፍያ የለውም። አለበለዚያ በ1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ ወይም በ30 ዶላር ነው። በአንድ አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ይሸፍናል።

የምታገኙት የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር አይጨመርም። መቼ እንደገና እንደምታዩት ቀን ቆርጣችሁ ካላንደር ላይ ጻፉ። ያለ ቀን የሚቆይ ሰው ያው ምንም እንዳልወሰነ ነው።

ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ «ገና አልደረሰላችሁም» የሚል መልእክት ካሳያችሁም ምድባችሁ እዚህ ነው። ማይክሮሶፍት በእናንተ ድራይቨር ወይም ሶፍትዌር ላይ የታወቀ ችግር ሲያገኝ አፕግሬዱን ሆን ብሎ ያግደዋል። በጓሮ በር ዞራችሁ አትጫኑት።

ሐ. ይህን ኮምፒውተር ሌላ ሲስተም ጫኑበት

ፕሮሰሰሩ ወድቋል፤ ሥራችሁ ግን በብራውዘር፣ በኢሜይልና በተራ ሰነድ የሚያልቅ ነው። ሊነክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በደንብ ያሠራችኋል። ጥቅሙ ሳትጭኑ በፍላሽ መሞከር መቻላችሁ ነው። ከፍላሹ አስነሱትና ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ፕሪንተር፣ ክዳኑ ሲዘጋ መተኛትና መንቃቱን አንድ በአንድ ሞክሩ። የማይክሮሶፍት ኦፊስና የአዶቢ የኮምፒውተር ሶፍትዌሮች ግን ሊነክስ ላይ አይጫኑም። ሥራችሁ በእነሱ ላይ የቆመ ከሆነ ይህ መንገድ የእናንተ አይደለም።

መ. ኮምፒውተር ቀይሩ

ፕሮሰሰሩ ወድቋል፣ ሥራችሁም ዊንዶውስ ይፈልጋል። ከላይ ያለው የማራዘሚያ ጊዜ ገንዘብ ማጠራቀሚያ ይሁናችሁ። ያገለገለ ስትገዙ ደረጃ 1ንና 2ን እዚያው ገንዘቡን ሳትከፍሉ ሥሩ።

መስፈርቱን አልፎ በግድ ስለመጫን

ሩፈስ በሚባል ሶፍትዌር የመስፈርት ማጣሪያውን ዘልሎ መጫን እንደሚቻል ሰምታችሁ ይሆናል። ይቻላል። ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚሰጥ ዋስትና አይሰጥም። 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ወዲህ ደግሞ አንዳንድ በጣም ያረጁ ፕሮሰሰሮች ላይ ጭራሽ አይነሳም። እንጀራ በምትበሉበት ኮምፒውተር ላይ ይህን አታድርጉ። ለሙከራ የተቀመጠ አሮጌ ማሽን ካላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ የመመለሻ መንገድ

ከዚህ በታች ካለው አንዱ ከጎደለ ደረጃ 6ን አትጀምሩ።

1. ፋይላችሁን ወደ ውጫዊው ዲስክ ገልብጡ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስና ፒክቸርስ ብቻ አይበቃም። ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ የተፈጠሩ ፎልደሮችን፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ዳታ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ የአውትሉክ ፋይልን፣ የብራውዘር ቡክማርክና ፓስወርድን ፈልጉ።
2. ባክአፑን ፈትሹ። ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ አምስት የተለያዩ ፋይሎች ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ ነው አትበሉ።
3. ፋይሌ ዋንድራይቭ ላይ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ነጻው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከሞላ በኋላ ያለው ፋይል አልወጣም ማለት ነው። ደግሞም እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል።
4. የቢትሎከር ቁልፉን አውጡ። ሆም ላይ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን በሚል ስም ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሁላችሁም እዩት። በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡ፣ ዲቫይስስ በሚለው ስር የሪከቨሪ ቁልፉን ፈልጉ። ፕሮ ላይ ከኮንትሮል ፓነል ቢትሎከር ገጽ ማተም ወይም ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። 48ቱንም አሃዝ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሌላ ሰው አንብቦ ያመሳክርላችሁ።
5. ባዮስ የምትነኩ ከሆነ፣ ፕሮ ላይ ከዚያው የቢትሎከር ገጽ ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን የሚለውን ተጫኑ።
6. በማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የማስነሻ ፍላሽ ሥሩ። አለመነሳት ቢመጣ የምትገቡት በዚህ ነው።
7. የዋይፋይና የኔትወርክ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ በውጫዊው ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ከሌለ ድራይቨር አይወርድም፤ ድራይቨር ከሌለ ኢንተርኔት አይኖርም። ብዙ ሰው እዚህ ቅርቃር ውስጥ ገብቷል።

ደረጃ 6፦ አፕግሬዱ

1. የዊንዶውስ 10 አፕዴቶችን ጨርሱ፣ ሪስታርት አድርጉ።
2. ከሌላ ኩባንያ የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን አንኢንስቶል አድርጉት።
3. ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር።
4. ከማውስና ኪቦርድ በቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ባክአፑ ያለበትን ዲስክ በተለይ።
5. ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሙሉ፤ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ።
6. ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ዊንዶውስ 11 ከቀረበላችሁ በዚያ ጀምሩ። ካልቀረበና የታገደ ካልሆነ የዊንዶውስ 11 ኢንስቶሌሽን አሲስታንትን ከማይክሮሶፍት አውርዱ። ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሚያወርድ የኢንተርኔት ጥቅላችሁን አስቡ።
7. ምን ይቆይ ብሎ ከጠየቃችሁ ፋይልና መተግበሪያ ይቆዩ የሚለውን ምረጡ። ምርጫው ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ አትቀጥሉ፤ ብዙ ጊዜ የቋንቋው ወይም የዓይነቱ አለመመሳሰል ነው።
8. ከዚያ በኋላ ተዉት። በተደጋጋሚ ሪስታርት ያደርጋል፤ አንድ ፐርሰንት ላይ ረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። የዲስኩ መብራት እየበለጨለጨ እያለ በግድ አታጥፉት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ መብራቱም ጸጥ ካለ ብቻ የኃይል ቁልፉን ተጭናችሁ አጥፉ። ሲነሳ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመልሳችኋል።

ደረጃ 7፦ አሥሩ ቀናት

አፕግሬዱ ካለቀ በኋላ ለመመለስ ያላችሁ ጊዜ 10 ቀን ነው። ካለፈ የድሮው ዊንዶውስ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ማለት ፎርማት ማለት ነው። አሥረኛው ቀን መቼ እንደሆነ ዛሬ ጻፉ።

ስለዚህ ሳምንቱን አታባክኑት። በመጀመሪያው ቀን የደረጃ 3 ወረቀታችሁን አውጡና እያንዳንዱን ሶፍትዌር ክፈቱ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ሥራ አሠሩት። ከፕሪንተሩ ወረቀት ይውጣ፣ በስካነሩ ሰነድ ይግባ። በወር አንዴ የምትጠቀሙበትንም ዛሬ ሞክሩ፤ የወሩ መጨረሻ ከአሥሩ ቀን ውጭ ሊውል ይችላል።

በእነዚህ ቀናት ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ በዲስክ ክሊንአፕ የቀድሞ ዊንዶውስ የሚለውን እንዳታጠፉ። መመለሻችሁ እሱ ነው።

መመለስ ካስፈለገ፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ። ከአፕግሬዱ በኋላ የጫናችኋቸው መተግበሪያዎች ይጠፋሉ። ፋይላችሁ ይቆያል፤ ቢሆንም አዲስ የሠራችሁትን አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ነገር ሲበላሽ

«ቦታ አይበቃም» ካለ፦ ዳውንሎድስ ፎልደሩን አጽዱ፣ ትልልቅ ቪዲዮዎችን አውጡ፣ ዲስክ ክሊንአፕ አሂዱ። ሲስተም ሪዘርቭድ የሚለውን ክፍል ማዘመን አልተቻለም ካለ ግን የሞላው ሲ ድራይቭ አይደለም። ትንሹ የማስነሻ ክፍል ነው። እሱን በራሳችሁ ለማስፋት አትሞክሩ፤ ለባለሙያ ስጡት።

መሐል ላይ ደርሶ ወደ ዊንዶውስ 10 ከተመለሰ፦ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር ነው። የግራፊክስ፣ የዋይፋይና የማከማቻ ድራይቨሮችን ከአምራቹ አድሱ። ባዮስም አዲስ ካለው አድሱ፤ ያኔ ቻርጀሩ እንዳይነቀል፣ የቢትሎከር ቁልፉም እጃችሁ ላይ ይሁን። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙት። ሁለተኛም ከተመለሰ ዊንዶውስ 10 ላይ ሆናችሁ ወደ ምርጫ ለ ሂዱ።

ሰማያዊው የቁልፍ ገጽ ከወጣ፦ የጻፋችሁትን 48 አሃዝ አስገቡ። ገጹ ላይ የቁልፍ መለያ አለ፤ አካውንታችሁ ላይ ብዙ ቁልፍ ካለ የመጀመሪያዎቹ ፊደላትና ቁጥሮች ከመለያው ጋር የሚገጥሙትን ምረጡ።

ጥቁር ስክሪን ሆኖ ማውሱ ብቻ ከታየ፦ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ከዚያ ኤክስፕሎረርን አዲስ ታስክ አድርጋችሁ አስነሱ። ከመጣ የግራፊክስ ድራይቨሩን አድሱ። ካልመጣ በማስነሻ ፍላሹ ግቡ፣ ሪፔር የሚለውን ምረጡ፣ ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለሻው እዚያ ካለ ተጠቀሙበት።

አንድ ዕቃ ብቻ ካልሠራ፦ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን የሚለውን ክፈቱ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ አሮጌ ድራይቨሮችን ያግዳል። የአምራቹ አዲስ ድራይቨር ካለ ጫኑት። ከሌለ ጥበቃውን አጥፍቶ ዕቃውን ከማሠራት በአሥሩ ቀን ውስጥ መመለስ ይሻላል።

ምንም ያልታሰበ ችግር መጥቶ ቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ከደረሰ፣ መፍትሔ ፍለጋውን አቁሙና ተመለሱ። ዊንዶውስ 10 ላይ ሆናችሁ ማራዘሚያውን ተመዝገቡ፤ የጎደለው ድራይቨር ሲወጣ እንደገና ከደረጃ 3 ትጀምራላችሁ።